ቆጣሪውን ማን ይቆጥረዋል? በብዛት የተሳሰሩ መሣሪያዎችን ታማኝነት የማረጋገጥ አሠራር

በአዲስ አበባ ከተማ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጌጃ ሰፈር ከመዲናዋ ነባር መንደሮች አንዱ ነው። በእንዲህ ዓይነቶቹ ነባር ሰፈሮች በአንድ ግቢ የሚኖሩ በርካታ ቤተሰቦች አንድ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ተጋርተው የወሩን ሒሳብ በስምምነት ሲካፈሉ መኖራቸው ለከተማው ነዋሪ አዲስ ነገር አይደለም። በልደታ አካባቢ በተካሄደው መልሶ ማልማት በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ደግሞ እያንዳንዱ አባወራ የራሱ ቆጣሪ አለው።

ሁለቱም ነዋሪዎች ግን አንድ የሚጋሩት ነገር አለ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው ትንሽ ሳጥን ይህን ያህል ኪሎ ዋት ሰዓት ተጠቅመሃል ስትል አምነው ይከፍላሉ። የኃይል አቅራቢው ተቋምም በበኩሉ ሳጥኗ የምትነግረውን አምኖ ሒሳብ ይሠራል። በሁለቱ ወገኖች መካከል ዳኛ ሆና የተቀመጠችው መሣሪያ ራሷ ታማኝ መሆኗን የሚያረጋግጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በቀድሞው ዘመን በቀላሉ የሚመለስ ነበር። ቆጣሪው የሚሽከረከር ሳህንና የጥርስ ማርሾች የነበሩት መካኒካዊ ዕቃ በመሆኑ ማኅተሙ አለመቆረጡን፣ ሳህኑም በትክክል መዞሩን ዓይቶ ማረጋገጥ ይቻል ነበር።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። አዳዲሶቹ ቆጣሪዎች በውስጣቸው ኮምፒዩተር ያላቸው ናቸው። ኮምፒዩተር ደግሞ ሽፋኑ ሳይከፈትና ማኅተሙ ሳይቆረጥ በውስጡ ያለው ፕሮግራም ሊለወጥ ይችላል። በመሆኑም በአሥር ሺዎች፣ ብሎም በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መሣሪያዎች በየቤቱና በየመንገዱ ተሰማርተው ባሉበት ጊዜ ሁሉም የተሰጣቸውን ሥራ በታማኝነት እየሠሩ መሆናቸውን ማረጋገጥ የመንግሥት ተቋማትን የሚመለከት አንድ ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የአሠራሩን ምንነት፣ ጥቅሙንና ውስንነቱን የቴክኒክ ባለሙያ ላልሆኑ ሠራተኞችና ኃላፊዎች ማብራራት ነው።

በዕቃ ውስጥ የተገጠመ ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተር ሲባል በአብዛኛው ወደ አእምሮ የሚመጣው በቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ነው። ይሁን እንጂ በቁጥር የሚበዙት በሌላ ዕቃ ውስጥ ተገጥመው አንድ የተወሰነ ተግባር ብቻ እንዲፈጽሙ የተደረጉት ናቸው። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ፣ የመንገድ ትራፊክ መብራት፣ የደኅንነት ካሜራ፣ የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽን፣ በማከፋፈያ ጣቢያ ያለ የኃይል መቆጣጠሪያ፣ እንዲሁም በልደታ በኩል አቋርጦ የሚያልፈውና ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው የቀላል ባቡር የምልክት መሣሪያ ሁሉ በውስጣቸው ኮምፒዩተር አላቸው።

እነዚህ ኮምፒዩተሮች ሦስት የጋራ ባሕርያት አሏቸው። አንደኛ፣ ርካሽ እንዲሆኑ ታስበው የተሠሩ በመሆናቸው አቅማቸው አነስተኛ ነው። በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ የሚጫነውን የፀረ ቫይረስ ፕሮግራም መሸከም አይችሉም። ሁለተኛ፣ ጠባቂ በሌለበት ቦታ ይሰማራሉ። ሦስተኛ፣ አንዴ ከተገጠሙ በኋላ ለረጅም ዓመታት ሳይነኩ ይቆያሉ። በውስጣቸው የሚሠራው ፕሮግራም በሙያው ቋንቋ ፈርምዌር ይባላል። የመሣሪያው ታማኝነት የሚወሰነውም በዋናነት በዚሁ ፕሮግራም ነው።

በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨቱና ማከፋፈሉ ለሁለት ተቋማት ከተከፈለበት ከ2006 ዓ.ም ወዲህ የስርጭትና የሽያጭ ሥራውን የሚያከናውነው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ተቋሙ ሒሳባቸውን ከተጠቀሙ በኋላ ከሚከፍሉት በተጨማሪ በቅድሚያ ከፍለው በካርድ የሚሞሉ ደንበኞች አሉት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀውና 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚያመነጨው ኃይል የመጨረሻ መዳረሻው ይኸው በየቤቱ ያለው ቆጣሪ ነው። በግድቡ ላይ የፈሰሰው ሀብት በገቢ መልክ የሚመለሰውም በዚሁ ሳጥን በኩል መሆኑን ልብ ይሏል።

ከሌሎች አገሮች የተገኙ ትምህርቶች

ጉዳዩ ከግምት ያለፈ መሆኑን ለማሳየት በዓለም ላይ የተከሰቱ ጥቂት ሁኔታዎችን መጥቀስ ተገቢ ይሆናል።

የመጀመሪያው የፖርቶ ሪኮ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2010 ባዘጋጀው ማስታወሻ በደሴቲቱ የተገጠሙ ዘመናዊ ቆጣሪዎች በሰፊው ተነካክተው እንደነበር አመልክቷል። ቢሮው እንደሚያምነው ድርጊቱን የፈጸሙት የአምራቹ የቀድሞ ሠራተኞችና የኃይል ድርጅቱ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ከመኖሪያ ቤት ከ300 እስከ 1 ሺህ ዶላር፣ ከንግድ ድርጅት ደግሞ 3 ሺህ ዶላር ገደማ እያስከፈሉ የቆጣሪዎቹን ፕሮግራም ይለውጡ ነበር። ለዚህም የተጠቀሙት ከኮምፒዩተር ጋር የሚያያዝ አነስተኛ የብርሃን መገናኛ ነበር። ቆጣሪው አልተከፈተም፤ ማኅተሙም አልተቆረጠም። በዚህ ምክንያት ድርጅቱ በዓመት እስከ 400 ሚሊዮን ዶላር ሊያጣ እንደሚችል ተገምቶ ነበር።

ሁለተኛው በዩክሬን የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 በሦስት የኃይል አከፋፋይ ድርጅቶች ላይ በተፈጸመ የኮምፒዩተር ጥቃት ወደ 225 ሺህ የሚጠጉ ደንበኞች ለሰዓታት ጨለማ ውስጥ ቆይተዋል። አጥቂዎቹ ኃይሉን በማቋረጥ ብቻ አልተወሰኑም። በማከፋፈያ ጣቢያዎች ውስጥ የነበሩትን አነስተኛ የመገናኛ መሣሪያዎች ፈርምዌር በማበላሸት ሠራተኞቹ ከማዕከል ሆነው ኃይሉን መልሰው እንዳያገናኙ አድርገዋል። ኃይሉ የተመለሰው ሠራተኞች በአካል ወደየጣቢያው ተጉዘው በእጃቸው በማገናኘታቸው ነው።

ሦስተኛው ሚራይ በሚል ስያሜ የሚታወቀው ጎጂ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2016 ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና የኢንተርኔት ማከፋፈያ መሣሪያዎች እየፈለገ ይቆጣጠር ነበር። በአንድ ወቅት በቁጥጥሩ ሥር የዋሉት መሣሪያዎች ብዛት 600 ሺህ ያህል ደርሷል። በዚያው ዓመት ጥቅምት 21 ቀን እነዚሁ መሣሪያዎች በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ላይ በመዝመታቸው በርካታ ታዋቂ ድረ ገጾች ለሰዓታት ከአገልግሎት ውጭ ሆነው ነበር። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ግን መሣሪያቸው ሥዕል መቅረጹን ስላላቋረጠ አንዳች ነገር መፈጠሩን አላወቁም።

አራተኛው እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 2022 በአውሮፓ የሳተላይት ኢንተርኔት ደንበኞች ላይ የደረሰው ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞደሞች የውስጥ መዝገባቸው ተደምስሶ ከጥቅም ውጭ ሆኑ። በዚህ ሳቢያ በጀርመን ወደ 5 ሺህ 800 የሚሆኑ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችን ከርቀት የመከታተልና የመቆጣጠር ሥራ ተቋርጧል።

በአገራችንም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ተቋም በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም በመንግሥትና በሌሎች ተቋማት ድረ ገጾች ላይ ያነጣጠረ የሳይበር ጥቃት ሙከራ ማክሸፉን ማስታወቁ ይታወሳል። ጥቃቱ ያነጣጠረው በድረ ገጾች ላይ ቢሆንም፣ መሠረተ ልማቶች ከኮምፒዩተር መረብ ጋር በተሳሰሩ ቁጥር የጥቃቱ ዒላማም ከጽሑፍ ገጽ ወደ መብራት፣ ውኃና ትራንስፖርት ሊሸጋገር እንደሚችል ከላይ የተጠቀሱት አገሮች ተሞክሮ ያስረዳል።

አንድን መሣሪያ የመጠየቅ ጥበብ

ለመሆኑ ራቅ ብሎ የተሰቀለ ቆጣሪ ፕሮግራሙ እንዳልተለወጠ እንዴት ይታወቃል? በቀጥታ ፕሮግራምህ ትክክለኛ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። የተበላሸውም መሣሪያ አዎን ብሎ ይመልሳልና።

በዘርፉ የተደረሰበት መፍትሔ የፕሮግራሙን አሻራ መጠየቅ ነው። ማንኛውም ፕሮግራም በመጨረሻ የቁጥሮች ስብስብ በመሆኑ በአንድ የሒሳብ ቀመር ተጨምቆ ወደ አጭር ቁጥር ሊቀየር ይችላል። ከፕሮግራሙ ውስጥ አንዲት ፊደል እንኳ ብትለወጥ የሚወጣው አሻራ ፈጽሞ የተለየ ይሆናል። ማዕከሉ የትክክለኛውን ፕሮግራም አሻራ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ከመሣሪያው የመጣውን ከዚያ ጋር ያመሳክራል።

ይሁንና አንድ ብልሃተኛ አጥቂ ትክክለኛውን አሻራ አንድ ጊዜ መዝግቦ ይዞ በተጠየቀ ቁጥር ያንኑ ሊመልስ ይችላል። ይህን ለመከላከል ማዕከሉ በጠየቀ ቁጥር ከዚያ በፊት ያልተሰጠ አዲስ ቁጥር አብሮ ይልካል። መሣሪያው አሻራውን ከዚህ አዲስ ቁጥርና ከራሱ ሚስጥራዊ ቁልፍ ጋር አዋሕዶ መመለስ ይኖርበታል። በመሆኑም የትናንቱ መልስ ለዛሬ ጥያቄ አያገለግልም።

ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ቁልፉ የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ጎጂው ፕሮግራም ቁልፉን ማንበብ ከቻለ የፈለገውን መልስ ራሱ ፈርሞ ይልካል። በዚህ ረገድ ተመራማሪዎች ሁለት መንገዶችን ሲከተሉ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው መንገድ ምንም ሚስጥር ሳያስፈልግ መልሱ የሚደርስበትን ጊዜ መለካት ነው። አጥቂው እውነተኛውን ፕሮግራም አስመስሎ ለመመለስ ተጨማሪ ሥራ መሥራት ስለሚኖርበት ይዘገያል፤ መዘግየቱም ያጋልጠዋል። ይህ መንገድ መሣሪያው ከጠያቂው አጠገብ በሆነ ጊዜ ይሠራል፤ መልእክቱ በረጅም መረብ በኩል ሲመላለስ ግን መዘግየቱ ከአጥቂው ይምጣ ከመረቡ ለመለየት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የቀረበው ሁለተኛው መንገድ በመሣሪያው ቺፕ ላይ አነስተኛ ለውጥ ያደርጋል። አሻራውን የሚያወጣው ፕሮግራም ሊጻፍበት በማይችል የማስታወሻ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ቁልፉን ለማንበብ የሚፈቀድለትም እርሱ ብቻ ይሆናል። የቀረው ፕሮግራም ሁሉ፣ የተበላሸውም ጭምር፣ ቁልፉ ወዳለበት ክፍል መግባት አይችልም። ለርካሽ መሣሪያዎች የሚሆነው ጥበቃ በአብዛኛው በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው።

አንዱን ማወቅ ሁሉንም ማወቅ አይደለም

እስከዚህ ድረስ የተገለጸው ለአንድ መሣሪያ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ ሲበዛ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድን ቆጣሪ ጠይቆ መልስ ለማግኘት ሦስት ሰከንድ ይፈጃል እንበል። ማዕከሉ 10 ሺህ ቆጣሪዎችን በየተራ ቢጠይቅ ከስምንት ሰዓት በላይ ይወስድበታል። ቁጥሩ አንድ ሚሊዮን ቢሆን ደግሞ 34 ቀናት ተጨርሰው 35ኛው ይጋመሳል። የመጨረሻው ቆጣሪ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ከተጠየቀ ወር አልፎታል። በዚያ መካከል ምን እንደተፈጠረ ማንም አያውቅም።

ለመንግሥት ሠራተኛ ይህ ችግር እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የንብረት ቆጠራ ይካሄዳል። በሞዴል 19 ገቢ የሆነው፣ በሞዴል 22 ወጪ የተደረገው ዕቃ በየክፍሉ መኖሩ ይረጋገጣል። አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኃላፊ ራሱ በየቅርንጫፉ እየዞረ ወንበር አይቆጥርም። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ይቆጥራል፤ የቅርንጫፉ ኃላፊ የክፍሎቹን ደምሮና ፈርሞ ወደ በላይ ያስተላልፋል፤ በመጨረሻም ለዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ገጽ ማጠቃለያ ይደርሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የተመራማሪዎች ቡድን በኮምፒዩተር ደኅንነት ጉባኤ ላይ ያቀረበው ሴዳ የተሰኘ አሠራር መሠረቱ ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ነው። ማዕከሉ ሁሉንም መሣሪያዎች መጠየቁን ትቶ አንዱን ብቻ ይጠይቃል። ያ መሣሪያ አጠገቡ ያሉትን ይጠይቃል፤ እነርሱም በተራቸው ቀጥለው ያሉትን ይጠይቃሉ። በዚህ ሁኔታ ጥያቄው ልክ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተሠራጨ ይሄዳል። ከጫፍ የደረሱት መሣሪያዎች አሻራቸውን ከበላያቸው ላለው ያቀርባሉ። እርሱም ቀድሞ ከያዘው መረጃ ጋር አመሳክሮ ስንቱን ጠየቅሁ፣ ስንቱ ትክክል ሆኖ አገኘሁ የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ደምሮ ወደ ላይ ያስተላልፋል። ለማዕከሉ የሚደርሰው በመጨረሻ ከዚህን ያህል መሣሪያዎች ይህን ያህሉ ደኅና ናቸው የሚል አንድ አጭር ሪፖርት ነው።

የጊዜው ልዩነት ከፍተኛ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት ሌሎችን ብቻ ቢጠይቅ አንድ ሚሊዮን መሣሪያዎችን ለማዳረስ 20 ያህል ደረጃዎች ይበቃሉ። በላይኛው ስሌት ወር የፈጀው ሥራ በደቂቃዎች ይጠናቀቃል ማለት ነው። የአሠራሩ አቅራቢዎችም እስከ አንድ ሚሊዮን ለሚደርሱ መሣሪያዎች በኮምፒዩተር በተደረገ የማስመሰል ሙከራ አሠራሩን ፈትሸዋል።

መካከለኛው ቢዋሽስ?

የንብረት ቆጠራ ያካሄደ ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ እዚህም ይነሳል። ሪፖርቱን ደምሮ የሚያስተላልፈው ራሱ ቢዋሽስ? በሴዳ አሠራር መካከለኛው መሣሪያ የበታቾቹን ከመቁጠር በተጨማሪ እርሱም በበላዩ ባለው ይፈተሻል። ፕሮግራሙ የተለወጠ ከሆነ ፈተናውን ስለማያልፍ ድምሩ ተቀባይነት አያገኝም።

ይሁን እንጂ ይህ የሚሠራው አጥቂው ፕሮግራምን ብቻ እንጂ ቺፑን ራሱን አይነካም በሚል ግምት ነው። በሌሊት መሣሪያውን አውርዶ በቤተ ሙከራ ውስጥ ቁልፉን የሚያወጣ አጥቂ ሲኖር ግምቱ ይፈርሳል። ይህን ክፍተት ለመድፈን በቀጣዩ ዓመት የቀረቡ ሥራዎች ሁለት ተጨማሪ ሐሳቦችን አስተዋውቀዋል። አንደኛው፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ፊርማ እንዲያኖርና ፊርማዎቹ በአንድነት ተጠቃለው ማንኛውም ወገን ሊያረጋግጣቸው እንዲችል ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ መካከለኛው አስተላላፊ ብቻ እንጂ ዳኛ አይሆንም። ሁለተኛው በየአጭር ጊዜው እያንዳንዱ መሣሪያ አለሁ የሚል ምልክት ለጎረቤቶቹ እንዲልክ ማድረግ ነው። ቁልፍን ከቺፕ ማውጣት መሣሪያውን ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ማውጣትን ስለሚጠይቅ፣ ከዕድሩ ስብሰባ የቀረ አባል ወዲያው እንደሚታወቅ ሁሉ የጠፋው መሣሪያም በጎረቤቶቹ ይመዘገባል።

ከዚህም ሌላ የድምር ቁጥር ብቻውን በቂ የማይሆንበት ሁኔታ አለ። ከ10 ሺህ ቆጣሪዎች 9 ሺህ 997 ደኅና ናቸው የሚል ሪፖርት የደረሰው ኃላፊ ቀሪዎቹ ሦስቱ የትኞቹ እንደሆኑ ካላወቀ ሠራተኛ ወዴት እንደሚልክ አያውቅም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ማንነት የሚዘረዝር ሪፖርት የሚያቀርቡ አሠራሮችም ተዘጋጅተዋል። ዝርዝሩ በጨመረ ቁጥር በመረቡ ላይ የሚተላለፈው መረጃ ይበዛል። የትኛው ይሻላል የሚለውን የሚወስነው ተቋሙ ሪፖርቱን ለምን እንደሚፈልገው ነው።

አሠራሩ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች

ማንኛውም ኃላፊ ይህን አሠራር የሚያቀርብ ሻጭ ቢመጣበት ሊያውቃቸው የሚገቡ ውስንነቶች አሉ።

በመጀመሪያ ደረጃ አሻራው የሚያረጋግጠው የፕሮግራሙን አለመለወጥ እንጂ የፕሮግራሙን ትክክለኛነት አይደለም። ከፋብሪካ ሲወጣ ስህተት ያለበት ፕሮግራም ስህተቱን እንደያዘ ፈተናውን ያልፋል። በሁለተኛ ደረጃ በሁለት ፈተናዎች መካከል ገብቶ የወጣ ጎጂ ፕሮግራም ላይያዝ ይችላል። ሚራይ የሚቀመጠው በመሣሪያው ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ብቻ ስለነበር መሣሪያው ጠፍቶ ሲበራ ይደመሰስ ነበር። በመሆኑም መሣሪያው በሚነሳበት ጊዜ ብቻ የሚደረግ ፍተሻ አይበቃም። ፍተሻው ሥራ ላይ እያለ፣ ባልታወቀ ሰዓትና በተደጋጋሚ መካሄድ ይኖርበታል።

በሦስተኛ ደረጃ ከቆጣሪው በፊት ሽቦ ቀጥሎ ኃይል የሚወስድን ሰው ይህ አሠራር አያገኘውም። ቆጣሪው ታማኝ ነው፤ የተሰረቀው ኃይል ግን በእርሱ በኩል አላለፈም። እንዲህ ያለውን ለማወቅ ለአካባቢው የተላከውን ጠቅላላ ኃይል ቆጣሪዎቹ ከመዘገቡት ድምር ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። በአራተኛ ደረጃ ከማዕከል ጋር በመረብ ያልተገናኘ መሣሪያ ከሩቅ ሊጠየቅ አይችልም። በካርድ የሚሞላ ቆጣሪ ከተቋሙ ጋር ያለው ዋነኛ ግንኙነት ደንበኛው ይዞት የሚመላለሰው ካርድ ነው። ለእንዲህ ዓይነቶቹ መሣሪያዎች በአካል ተገኝቶ የሚደረገው ፍተሻ ዛሬም ምትክ የለውም።

የደቡብ አፍሪካ ተሞክሮ በዚህ ረገድ አስተማሪ ነው። በብዙ አገሮች የሚሠራበት ባለ 20 አኀዝ የቅድመ ክፍያ ኮድ ጊዜን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1993 ጀምሮ በደቂቃ ሲሆን፣ ለቁጥሩ የተመደበው ቦታ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም ሞልቷል። ከዚያ ቀን በፊት አዲስ ቁልፍ ያልገባበት ቆጣሪ ከዚያ ወዲያ የተሸጠ ኮድ አይቀበልም። በመሆኑም በአገሪቱ የሚገኙ ሚሊዮኖች ቆጣሪዎች አንድ በአንድ እንዲስተካከሉ ተደርጓል። ዘመቻው በየቤቱ መድረስን የጠየቀ በመሆኑ የቆጣሪዎቹን መዝገብ ለማጥራትና ከሥርዓቱ ውጭ የሆኑትን ለመለየት ዕድል ሰጥቷል። ይሁንና ቀነ ገደቡ ሲደርስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቆጣሪዎች ሳይስተካከሉ ቀርተዋል። መሣሪያ ማሰማራት ቀላል፣ የተሰማራውን ተከታትሎ ማወቅ ግን ከባድ መሆኑን ይህ በግልጽ ያሳያል።

የሕግ ማዕቀፍና የኃላፊዎች ድርሻ

በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ኮምፒዩተር ለሚለው ቃል የሰጠው ትርጉም ሰፊ ነው። በማይክሮቺፕ ላይ የተመሠረቱ መረጃ የሚያቀናብሩ፣ የሚያከማቹና የሚያሠራጩ መሣሪያዎችን ያካትታል። በዚህም መሠረት በቆጣሪ ውስጥ ያለን ፕሮግራም ያለ ፈቃድ መለወጥ ከንብረት ማበላሸት ባለፈ በአዋጁ ሊታይ የሚችል ጉዳይ ነው። አዋጁ ቁልፍ በሆኑ መሠረተ ልማቶች ላይ ለሚፈጸም ድርጊትም ከፍ ያለ ቅጣት ይደነግጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመለከተዋል። ዘመናዊ ቆጣሪ በየሰዓቱ የሚያስተላልፈው መረጃ አንድ ቤተሰብ መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ ከቤት እንደሚወጣ የሚያመለክት በመሆኑ፣ የመሣሪያውን ታማኝነት ለማረጋገጥ በሚል ከአስፈላጊው በላይ መረጃ መሰብሰብ ተገቢ አይሆንም።

ከቴክኒኩ ባሻገር ውጤቱን የሚወስኑት በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

የግዥ ሰነድ ሲዘጋጅ አምራቹ የእያንዳንዱን የፈርምዌር ዕትም አሻራ ለገዢው እንዲያስረክብ፣ ማሻሻያ ባወጣ ቁጥርም አዲሱን እንዲልክ በውል መገደድ አለበት። ይህ ካልተደረገ ተቋሙ የመጣውን መልስ ከምን ጋር ያመሳክራል? ቺፑ ሚስጥራዊ ቁልፍን ለይቶ የሚጠብቅበት ክፍል እንዲኖረውም በዝርዝር መግለጫው ሊካተት ይገባል። መሣሪያው ከተገዛ በኋላ ይህን መጨመር አይቻልምና።

የቁልፎቹ ባለቤት ማን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። ቁልፉ በአምራቹ እጅ ብቻ ከቀረ ተቋሙ የገዛ ንብረቱን ለመጠየቅ የሌላውን ፈቃድ ሊጠብቅ ነው። በፖርቶ ሪኮ በታየው ጥፋት የአምራቹ የቀድሞ ሠራተኞች እንደተሳተፉ መታመኑን በማሰብ፣ ሠራተኛ ሲለቅ የሚፈጸመው ርክክብ ቁልፎችንና የይለፍ ቃሎችን ማካተት ይገባዋል።

የመሣሪያዎች መዝገብ ትክክለኛ መሆን አለበት። በመዝገብ ላይ ያለና በመስክ የሌለ፣ በመስክ ያለና በመዝገብ ላይ የሌለ መሣሪያ ካለ የሪፖርቱ ድምር ትርጉም ያጣል። የተለያዩ አምራቾች መሣሪያዎች በአንድነት እንዲሠሩም ዓለም አቀፍ የጋራ አሠራሮችን መከተል ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2023 የታተመው የኢንተርኔት ሰነድ ቁጥር 9334 ማን ጠያቂ፣ ማን ተጠያቂ፣ ማንስ በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ ወሳኝ እንደሆነ የሚለይ የጋራ ማዕቀፍ አስቀምጧል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ ፈተናውን ያላለፈ መሣሪያ ሲገኝ የሚወሰደው እርምጃ ነው። መልስ ያልሰጠ ቆጣሪ ሁሉ የተነካካ ቆጣሪ አይደለም። መብራት ተቋርጦ፣ መረብ ተበላሽቶ ወይም ማሻሻያው ሳይደርሰው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በአንድ ግቢ አምስት ቤተሰቦች አንድ ቆጣሪ በሚጋሩበት ሁኔታ በሩቅ ትእዛዝ ኃይል ቢቋረጥ አምስት ቤት ይጨልማል። ስለሆነም የማረጋገጫው ውጤት ለፍተሻ መነሻ እንጂ በራሱ ማስረጃ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ሠራተኛ በቦታው ተገኝቶ ከደንበኛው ፊት ማየቱ፣ ቃለ ጉባኤ መያዙና ደንበኛው አቤቱታ የሚያቀርብበት መንገድ መኖሩ ከቴክኖሎጂው እኩል አስፈላጊ ነው። ጠያቂውን ማዕከልም የሚጠይቅ ሊኖር ይገባል። የማዕከሉ ኮምፒዩተር ከተደፈረ የሁሉም ቆጣሪዎች መልስ በአንድ ጊዜ ሊጣመም ይችላልና።

ባጠቃላይ በብዛት የተሳሰሩ መሣሪያዎችን ታማኝነት ማረጋገጥ የሚቻልበት ዕውቀት አለ። ሥራ ላይ የሚውለው ግን መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት በተጻፈ የግዥ መግለጫ፣ በተጠበቀ ቁልፍ፣ በጠራ መዝገብና ለዜጋው በሚጠነቀቅ የአፈጻጸም መመሪያ አማካይነት ነው። የጌጃ ሰፈር ነዋሪ ስለ አሻራውም ሆነ ስለ ቁልፉ ላይጠይቅ ይችላል። የሚጠይቀው የከፈልኩት ብር ካበራሁት መብራት ጋር ይመጣጠናል ወይ ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ተቋሙ በማስረጃ ላይ ተመሥርቶ አዎን ብሎ ለመመለስ መቻሉ የአሠራሩ ሁሉ የመጨረሻ መለኪያ ይሆናል።